የዳኛቸው ሲባጎ

ዳኛቸው ብስክሌት ሲገዛ አብሮት የቆመ ሰው ያፍራል። እኔ አፍሬ አፍሬ ለመድኩት። ሻጩ ዋጋውን ተናግሮ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ሲጠብቅ፣ ይሄ ሰውዬ ጭቃው ላይ በጉልበቱ ይንበረከክና ከጃኬቱ ኪስ ቋጠሮ የበዛበት ሲባጎ ያወጣል። ሲባጎውን ከመቀመጫው እስከ ታችኛው ፔዳል ይዘረጋዋል። ከዚያ ብድግ ብሎ የኋላውን ጎማ ያሽከረክርና ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ቀጥሎ ብረትና ብረት የተበየደበትን ቦታ ሁሉ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይፍቃል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዲት ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ ቀና ብሎ የሻጩን ዓይን ዓይን እያየ፣ በዚያ በሚያነክስ እንግሊዝኛው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ «ማን ነበር የሚነዳው?»

መልስ ካለው ሰው ይገዛል። መልስ ከሌለው ብስክሌቱ ወርቅ ቢሆን ጥሎት ይሄዳል። «የማን እንደነበር የማያውቅ ሰው ወይ ሰርቆታል፣ ወይ ጨርሶ አይቶት አያውቅም» ይለኛል ወደ መኪናዬ ስንመለስ። አዲስ ቀለም የተቀባ ብስክሌት ደግሞ ጠላቱ ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር ባየ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲያጋጥመኝ ቶሎ ይሰለቸኛል፤ ዳኛቸውን ግን ዕድሜ ልኬን እንዳልሰለቸው ያደረገኝ ያ ሲባጎ ነው።

ገበያው ካር ቡት ይባላል። የለንደን ሰው ቤት ሲጠበው፣ ልጅ ሲያድግበት፣ ወይም የሞተ ሰው ዕቃ ሲተርፈው፣ ሁሉንም መኪናው ላይ ጭኖ ወደ አንድ ሜዳ ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ይመጣል። የመኪናውን የኋላ በር ይከፍትና ሰሃኑንም፣ መጽሐፉንም፣ የልጁንም ብስክሌት መሬት ላይ ይዘረጋል። ቅዳሜ ጠዋት ኤድመንተን አካባቢ ያለው ሜዳ እንሄዳለን። እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ ከወጣን በኋላ፣ ባዶ ሆዳችንን በአንድ ዳቦ አታለን፣ ባተርሲ። ባተርሲ ያሉ ሰዎች ልጃቸው ብስክሌቱን ሳያቆሽሸው ሌላ ይገዙለታል፤ ዳኛቸው ያንን ያውቃል።

እኔ ተክለአብ እባላለሁ። የምኖረው ኪልበርን ነው፤ በቫኔ ዕቃ እያደረስኩ እተዳደራለሁ። ለንደን የገባሁት በደርግ ጊዜ ነው። ልጆች «ጋሽ ተክለአብ አማርኛዎ ሙዚየም ውስጥ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ዳኛቸው የመጣው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ባሕር ዳር በአንድ የምርጫ ጣቢያ የተቃዋሚ ታዛቢ ነበር፤ የሆነውን ሁሉ ሆኖ፣ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ አንድ የክረምት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ባለቤቴ አልታየሽ ቀሚሷን ሰብስባ ስትወርድ አየችውና «ይሄ ሰው ካልሲ የለውም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ እኛ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አደረ።

አባቱ ባሕር ዳር ብስክሌት የሚያከራዩ ሰው ነበሩ። ከተማው ሜዳ ነው፤ ሠራተኛው ወደ ፋብሪካ፣ ሴቱ ወደ ገበያ፣ ሁሉም በብስክሌት ነው። ማታ ማታ ተከራዮቹ ሲመልሱ፣ አጋጭቶ የመጣ ልጅ ሁሉ የተላጠውን ቦታ ጭቃ ለጥፎበት ነው የሚመጣው። አባትዬው ጭቃውን ሳይሆን ከጭቃው ሥር ያለውን ማየት አስተማሩት። «አባቴ ልጆቹን አይቆጣም ነበር» አለኝ አንዴ። «ጭቃውን በጣቱ ጠርጎ ያሳያቸውና ‹ሌላ ጊዜ ንገረኝ› ይላል። የሚያናድደው ስብራቱ አልነበረም።»

ሲወጣ ሚስቱን ብፅዓትን እና ገና አፏን የፈታች ሴት ልጁን ዳናዊትን ትቶ ነው የወጣው። ወረቀት ጠየቀ፤ አልተሰጠውም። ይግባኝ አለ፤ ጠብቅ ተባለ። «ኬዝህ በሂደት ላይ ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በስንት ዓይነት ድምፅ እንደሰማሁለት። መሥራት አይፈቀድለት፣ መመለስ አይችል። እናም እጁ እንዳይፈታ ከእኔ ጋር ካር ቡት መዞር ጀመረ። የተጣለ ብስክሌት ያነሳል፣ ያስተካክላል፣ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ይሰጣል፤ ወላጆቹም ትንሽ ትንሽ ብር እጁ ላይ ያስጨብጡታል።

የመጀመሪያውን የእንቁጣጣሽ ስልክ የደወለው ከእኔ ቫን ውስጥ ነው። ብፅዓትን ደኅንነቷን ጠየቀ፣ ሰላምታውን አደረሰና፣ «በይ አሁን ሲባጎ ፈልጊ» አላት። «ዳናዊትን ግድግዳ አስደግፊያትና ከእግሮቿ መጋጠሚያ እስከ ተረከዟ ለኪልኝ።» እኔ አበደ ብዬ ነበር። ብፅዓት ለካች፣ በስልክ ነገረችው፤ እሱ ደግሞ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ እዚያው ቋጠረው። የልጅ ብስክሌት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በእግር ነው አለኝ። በዚያው ሳምንት ኤድመንተን ሄደን፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ በዚያች ቋጠሮ ልክ የሆነች ትንሽ ቀይ ብስክሌት ገዛ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኩት።

«ስትመጣ የምትነዳው ትፈልጋለች» አለ፤ ምንም አልተቀየመኝም።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። በየእንቁጣጣሹ ይደወላል፣ ይለካል፣ ሲባጎው ላይ አዲስ ቋጠሮ ይታሰራል፣ ቀጥሎ ልኳ የሆነ ብስክሌት ይፈለጋል። ያለፈው ዓመት ብስክሌት ዳናዊት አድጋበታለችና ለእኔዋ ልጅ ለባርኮት ይሰጣል። ባርኮት እዚሁ ለንደን የተወለደች፣ የዳናዊት እኩያ ናት፤ ግን አጭር ስለሆነች ሁልጊዜ ዳናዊት «ያደገችበት» ልኳ ይሆናል። የእኔ ልጅ ዳናዊትን ሳታውቃት በዳናዊት ብስክሌት ነው ያደገችው። አንዳንዴ ባርኮት ግቢው ውስጥ ስትዞር ዳኛቸው አጥር ተደግፎ ሲያያት አይቼዋለሁ። ምን እንደሚያይ ይገባኛል። ወዲያው ደግሞ ስለ ዝናቡ አንስቼ አማርራለሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ?

ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት ወደ ባሕር ዳር ገንዘብ ላከ፤ ገንዘቡ ብስክሌት እንድትከራይበትና መንዳት እንድትማር ነው። በዚያው እንቁጣጣሽ ሲደውል ብፅዓት ድምፅዋ ተዘግቷል። «ጉንፋን ነው» አለች።

«ዳናዊትን አገናኚኝ።»

«ተኝታለች።»

«በቀን? እንደ ሀብታም ልጅ!» ብሎ ሳቀ። «መንዳቱንስ ለመደች?»

«ትለምዳለች። እዚያ ስትመጣ አንተ ታስተምራታለህ።» ልኳን ግን ነገረችው፤ እሱም ቋጠረ።

አንድ ቅዳሜ ኤድመንተን ላይ የሆነውን ልናገር፣ ኋላ ስለሚያስፈልገኝ። አንዲት ሴት የምትሸጠው ጥቁር ብስክሌት አየን። አንደኛው ፔዳል የተያዘበት ክንድ ከሌላው ያጠረ ነው። እኔ «ሰባራ ነው፣ እንሂድ» አልኩ። ዳኛቸው ግን ተንበረከከ፣ ነካካው፣ ያቺን ጥያቄውን ጠየቀ። ሴትዮዋ ወንድሜ ነበር የሚነዳው አለች። አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ባለሙያ ክንዱን አሳጥሮ፣ ለፔዳሉ አዲስ ቀዳዳ በስቶ ሠራለት። ዳኛቸው ያንን ቀዳዳ በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። ሲነሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ሥራው ግሩም ነው። ዋጋ ግን የለውም።»

«እንዴት ነው ደግሞ ግሩም ሆኖ ዋጋ የሌለው?»

«ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ነው፣ ጋሼ። ያ ሰው ከሌለ ማን ይገዛሃል?» አለና ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ።

ወረቀቱ ተስፋ ከቆረጥን በኋላ መጣ። ዳኛቸው ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ፣ ሱቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየ፣ ለሚስቱና ለልጁ አፕላይ አደረገ። ቪዛው የወጣ ዕለት ስልኩ ላይ እየጮኸ ሲነግረኝ ሹፌሮች ሁሉ ዞረው አዩኝ። «እሁድ ባተርሲ!» አለ። «ይሄኛው የመጨረሻው ነው። ከእንግዲህ በሲባጎ አይደለም፤ ራሷ ተቀምጣ ትመርጣለች፤ ለአቀባበሏ የሚሆን አንድ ብቻ!»

ያን እሁድ ስንቱን አየን! አንዱ ብስክሌት እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል፤ ዳኛቸው በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ከቀለሙ ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጣች። ሻጩን ቀና ብሎ አየውና ሄደ። በመጨረሻ ግቢው ጥግ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ እንግሊዝ የያዙት ውኃ ሰማያዊ ብስክሌት አገኘ። ቀለሙ መሪው ጋ ተላጧል፤ ደወሉ ዝጓል። ሲባጎውን ዘረጋ፤ የመጨረሻዋ ቋጠሮ ቀጥ ብላ ፔዳሉ ላይ አረፈች። «ማን ነበር የሚነዳው?» ሲላቸው ሽማግሌው ወሬያቸውን ጀመሩ፤ ልጃቸው ትምህርት ቤት የሄደችበት ነው፣ አሁን አውስትራሊያ ናት፣ ደወሉን ከታችኛው መንገድ ጀምራ ስለምትደውል እናቷ ሻይ ትጥድ ነበር። ዳኛቸው እንባ ያቀረረ ዓይኑን ወደ ጎማው መለሰ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከር ከፈለ።

«ያንተዋስ ልጅ፣ ጥሩ ነጂ ናት?» አሉት ሽማግሌው።

«የባሕር ዳር ልጅ ናት» አለ ዳኛቸው፤ ለእሱ ይሄ በቂ መልስ ነበር።

ብስክሌቱን ኤድመንተን ቤቱ ኮሪደር ውስጥ፣ ከበሩ እንደገቡ ዓይን በሚገባበት ቦታ አቆመው። ደወሉን በሎሚና በጨው ፈትጎ አበራው። የተላጠውን ቀለም ግን አልነካውም። «ሽማግሌውን ውሸታም ላስመስላቸው?» አለኝ።

አውሮፕላን ማረፊያ አልታየሽ አበባ ይዛ፣ ባርኮት ስልኳን ደግና፣ እኔ የመኪና ማቆሚያው ዋጋ እያናደደኝ ቆመናል። ብፅዓት ጋሪ እየገፋች ወጣች፤ ከጎኗ ጋሪውን በአንድ እጇ የያዘች ረጅም ቀጭን ልጅ አለች። ዳናዊት አባቷን አየች። ጋሪውን ለቀቀችና ሮጠች።

ስትሮጥ መላ ሰውነቷ ወደ ግራ ጎንበስ ቀና ይላል። የግራ እግሯ ከቀኙ ያጠረ ነው። እኔ አየሁ፣ አልታየሽ አየች፤ ዳኛቸው ግን ፊቷን ብቻ ነው ያየው። አቀፋት፣ አነሳት፣ ስሟን እየደጋገመ አለቀሰ። እኔ በውስጤ «እግዚኦ፣ አላየም» እላለሁ።

ወደ መኪናው ስንሄድ ሻንጣውን እየጎተተ ቀደም ብሎ ይራመዳል፤ ልጅቷ ከኋላው ናት። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ኮቴ ያሰማል። ያ ጎማ የሚያዳምጥ ጆሮው ሰማ፤ አንዱ እርምጃ ረዘም፣ አንዱ አጠር፣ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር። ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ ኋላ አልዞረም። ሻንጣውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረና መራመዱን ቀጠለ፤ ግን ከበፊቱ በጣም ቀስ ብሎ። መኪናዋ ጋ ስንደርስ ጠጋ ብሎ የቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ስንደርስ ቀድመኸን ውጣና ብርድ ልብስ ጣልበት።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ግን ብርድ ልብስ የለበሰ ብስክሌት ያው ብስክሌት ነው፤ መሪው በሁለት በኩል ወጥቶ ይታያል። ዳናዊት ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አየችው። ማንንም ምንም ሳትጠይቅ ጎኗን አጥባ አለፈችው።

ልጅቷ ደክሟት እንደተኛች ዳኛቸው የጓዳውን በር ዘጋ። እኔና አልታየሽ ልንወጣ ስንል «ተቀመጡ» አለን።

«መቼ ነው?» አላት ብፅዓትን።

«በሰባት ዓመቷ።»

«በምን?»

ብፅዓት የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «ብስክሌት ላይ ሆና ባጃጅ ገጫት። ጭኗ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፤ ኋላ ሐኪም አየው፤ ግን አጥሮ ገጥሞ ነበር።»

«በተከራየችው ብስክሌት?»

የላከው ገንዘብ ትዝ ሲለው ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልገልጽ አልችልም፤ ማየትም አልፈለግሁም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? አንተ በላክኸው ብር ወደቀች ልበልህ? መምጣት አትችል፣ ማስታመም አትችል። ሰምተህ ሰው አገር ላይ ብትታመም፣ ብታብድ፣ ማን አለህ? ዘመዱም ጎረቤቱም ‹በስልክ እንዳትገድይው› አለኝ።»

«በየዓመቱ ብስክሌት እገዛላት ነበር እኮ፣ ብፅዓት! በየዓመቱ!»

«አውቃለሁ! ስትደውል አንተን የሚያስቀው እሱ ብቻ ነበር። እሱን ልንጠቅህ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንተስ? ቤት ተከራየሁ፣ መኝታዬ ሰፊ ነው ስትለኝ የት ነበር የምትተኛው? ጋሽ ተክለአብ ይኸው አሉ፣ ይመስክሩ።»

እኔ ሻይዬን አየሁ። አልታየሽ ደግሞ እኔን አየችኝ። ምንጣፉ የእኛ ነበር።

ወገኖቼ፣ በዚህ ነገር ላይ ሁልጊዜ እናደዳለሁ። እኛ ሰው ሲርቅ ክፉ ክፉውን እንደብቀዋለን፤ እሱም ይደብቀናል። እናቴ የሞተች ጊዜ በስልክ «ትንሽ አሟታል» እየተባልኩ ስንት ወር ኖርኩ፤ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በራፌ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲቆሙ ነው የገባኝ። ያደረጉት ከፍቅር ነው። ግን ያን ሁሉ ወር ለሞተች እናት ሹራብ እየመረጥኩ ነበር። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይባላል፤ ለተሸከመው ይቅለል እንጂ፣ የሚቀበለው ላይ ሲወርድ ከባድ ነው። ይህን ሁሉ በዚያች ሰዓት ብናገረው ኖሮ አልታየሽ ትገድለኝ ነበር፤ ሻይዬን ጨለጥኩ።

ዳኛቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልኬቱስ? እሱም ውሸት ነበር?»

«ልኬቱ ውሸት የለበትም» አለች ብፅዓት፤ ሌላም ልትል ፈልጋ ተወችው።

ከዚያ በኋላ ካር ቡት ቀረ። ቅዳሜ ስደውል «ሥራ አለብኝ»፣ እሁድ ስጋብዘው «ደክሞኛል»። ብስክሌቱ ኮሪደሩ ውስጥ ብርድ ልብሱን ለብሶ ቆሟል፤ ሰዉ ሁሉ በጎኑ ያልፋል። ባልና ሚስት በጨዋ ደንብ ይነጋገራሉ፤ ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጋው። ዳናዊት ትምህርት ቤት ገባች፣ በአውቶቡስ ትሄዳለች። ዳኛቸው አብሯት ሲሄድ እርምጃው ከእሷ ጋር እንዲገጥም ስለሚጠነቀቅ ሁለቱም ቀጥ ብለው መራመድ ያቃታቸው ይመስላሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ብስክሌት ማለት ሕይወቱ የሆነ ሰው ለልጁ ብስክሌት የሚለውን ቃል መጥራት ፈራ።

ባርኮት ነገሩ አልገባትም። «ዳዲ፣ ሁላችሁም ዳናዊት ሳድ ናት ብላችሁ ታወራላችሁ። ሺ ኢዝ ኖት ሳድ፣ ተናዳለች» አለችኝ።

«በምን?»

«ሁሉም ስለ እኔ ያለቅሳል፣ እኔን ግን ማንም አይጠይቀኝም ነው የምትለው። ደግሞ የኔ ባይኮች ሁሉ የሷ እንደነበሩ ነገርኳት፣ ሲባጎውንም። ሺ ዲድንት ኖው! ማንም አልነገራትም።»

አንድ እሁድ ዳኛቸው ራሱ ደወለ። «ጋሼ፣ ቫኑን ይዘህ ና። ያንን ነገር ባተርሲ ወስደን እንሽጠው። በመጣች በሄደች ቁጥር ማየት የለባትም።»

ሄድኩ። መኪናዬን ሞተሯን ሳላጠፋ ሱቁ ፊት አቆምኳትና ወጣሁ። ዳኛቸው ብርድ ልብሱን አንስቶ አጥፎታል፤ ብስክሌቱን በመሪው ይዞ ወደ በሩ ሊያዞረው ይታገላል። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ደወሉ ግድግዳ ነክቶ ጮኸ። በዚያ ድምፅ ዳናዊት ከክፍሏ ወጣች። ብፅዓትም እጇን እየጠረገች ጓዳው በር ላይ ቆመች።

«የት ልትወስዱት ነው?» አለች ልጅቷ።

እኔ «ልንሸጠው ነው፣ ልጄ» አልኩ።

«የኔ አይደለም እንዴ?»

ዳኛቸው መሪውን እንደያዘ ቀረ። «ያንቺ ነው» አለ።

«ታዲያ የኔን ነገር ስትሸጡ አትጠይቁኝም?» ቁጣዋ የአባቷ አይደለም፤ የእኔን ይመስላል፣ ወደድኳት። «ሲባጎው የታለ? ባርኮት ነግራኛለች።»

ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ፣ እንደ ሌባ አንገቱን ሰብሮ፣ ከኪሱ አወጣው። ዳናዊት ተቀበለችውና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ትዳስስ ጀመር። «ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ። ኬጂ የገባሽ ጊዜ።»

«ይቺስ?»

«ጥርስሽ የወለቀ ጊዜ። በስልክ እየተኮላተፍሽ እንቁጣጣሽን ዘፈንሽልኝ።»

ቀጣይዋ ቋጠሮ ላይ ጣቷ ቆመ። «እዚች ጋ ተኝቼ ነበር» አለች። «እማዬ አልጋ ላይ ነው የለካችኝ። ‹ቀጥ ብለሽ ተኚ፣ አባትሽ ብስክሌት ሊገዛልሽ ነው› አለችኝ። በጣም ያመኝ ነበር። ግን ጥርሴን ነክሼ ቀጥ አልኩ፤ ልኬ እንዳይበላሽብህ።»

ብፅዓት በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔም አለቀስኩ፤ ሽበት ያለው ሰው አያለቅስም ያለው ማን ነው?

ዳናዊት አላለቀሰችም። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ግራ ተረከዟ ወለሉን አልነካም። ሲባጎውን ለአባቷ ዘረጋችለት።

«ሁልጊዜ ይሄኛውን ነው የለኩልህ» ብላ ቀኝ ጭኗን መታ አደረገች፤ «ደኅናውን።» ከዚያ እጇን ወደ ግራ አሻገረች። «ይሄኛውም እግሬ ነው።»

ዳኛቸው ጭቃው ላይ እንደሚንበረከከው ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከ። ሲባጎውን ዘረጋ፤ የላይኛውን ጫፍ ራሷ ያዘችለት። ተረከዟ ጋ ሲደርስ በጣቱ ቆንጥጦ ያዘና በመጨረሻዋ ቋጠሮ እና በጣቱ መካከል ያለውን ርቀት ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ የብስክሌቱን ግራ ፔዳል ክንድ እያየ «ጋሼ» አለኝ፣ «ያቺ ኤድመንተን ያየናት ጥቁር፣ ቀዳዳውን የበሳው ሰውዬ ከጫፉ ምን ያህል ገባ ብሎ ነበር የበሳው?»

«ዋጋ የለውም ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት፤ ያን ጊዜም መተረቤን አልተውኩም።

«ለሌላ ሰው የለውም» አለ።

እኔ ወርጄ የመኪናዬን ሞተር አጠፋሁ። ስመለስ ብፅዓትም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ይዛለች፣ ዳኛቸው ሌላውን፣ ዳናዊት ደግሞ ከላይ ሆና አዲሷን ቋጠሮ ትመለከታለች።

«ጠበቅ አድርገው፣ አባዬ» አለችው። «እንዳይፈታ።»